ጎምፎኔማን ከነአገዳው ማየት

ዳያተም የሲሊካ (የመስታወት ዓይነት) ቅርፊት ያለው ባለ አንድ ሴል ደቃቅ አልጌ ነው። እሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወንዝ ውስጥ ሲረግጡት የሚያንሸራትት ቡናማ ድንጋይ ካለ፣ እዚያው አለ። እኔ የመረጥኩት ኤረንበርግ የተባለው ጀርመናዊ በ1832 ስም ያወጣለትን ጎምፎኔማ ነው። ድንጋዩ ከቀበና ወንዝ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው።

ላዩን በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌ እጣቢውን ጠርሙስ ውስጥ ያዝኩ። ለየቦታው አዲስ ብሩሽ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የአንዱ ወንዝ ዳያተም ሌላው ውስጥ ይገባል።

ብዙ ሰው ቸኩሎ ቅርፊቱን ወደ ማጽዳቱ ይሄዳል። ኧረ ቆይ! መጀመሪያ በሕይወት እያለ ይታይ። ያየሁት ወርቅማ ቡናማ ሽብልቅ መሳይ ሴል ነው፤ ቀጭኑ ጫፉ ባዶ ቦታ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። የማይክሮስኮፑን ዲያፍራም (የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ) ጠበብ ሳደርገው ግን አገዳው ብቅ አለ። መስታወት የመሰለ ዝልግልግ ክር ነው፤ ብርሃን ከበዛ ጭራሽ አይታይም። ሴሉ ሲከፈል አገዳውም ቅርንጫፍ ያወጣል። ከቨር ስሊፑን (ናሙናውን የሚሸፍነውን ስስ መስታወት) በመርፌ ነካ ሳደርገው ሁሉም አብረው ተወዛወዙ፣ አንዱም አልተላቀቀም። ወራጅ ውሃ የማይነቅላቸው ለዚህ ነው። ከጎረቤቶቻቸው በላይ ከፍ ስለሚሉም ብርሃን አያጡም።

ከዚያ በሀይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አሞቅሁት (ጓንት፣ መነጽር፣ አየር ያለበት ቦታ፤ ቀልድ አይደለም)። ሥጋውም አገዳውም ጠፍቶ የሲሊካው ቅርፊት ብቻ ይቀራል። በመቶ እጥፉ ሌንስ አንዱ ጫፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። መሃሉን ረጅም ስንጥቅ ይከፍለዋል፣ ግራና ቀኙ በደቃቅ መስመሮች የተሞላ ነው። ወገቡ ላይ፣ በአንድ ወገን ብቻ፣ ነጥብ አለች። ብዙዎቹ የጎምፎኔማ ዝርያዎች ይህቺ ነጥብ አለቻቸው፤ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው። በጎኑ የተኛው ግን ነጥቧን አያሳይም። ያኔ ሮይኮስፌኒያ ከተባለው ሌላ ዳያተም ጋር ሊምታታ ይችላል፤ እሱ በጎኑ ሲታይ ጎበጥ ይላል።

ቁልቁል ከተማው ውስጥ፣ ፍሳሽ ከሚገባበት ቦታ የወሰድኩት ድንጋይ ላይም ጎምፎኔማ ሞልቶ ነበር። እንዴት? ወገኑ አንድ ይሁን እንጂ የዝርያዎቹ ጠባይ ለየቅል ነው። ጎምፎኔማ ፓርቩሉም የተባለው ቆሻሻ ውሃ ይችላል፣ ሌሎቹ ንጹሕ ካልሆነ አይወዱም። ስለዚህ «ጎምፎኔማ አገኘሁ» ማለት ብቻውን ስለ ውሃው ምንም አይነግርም። የውሃ ጥራት የሚመረምሩ ባለሙያዎች ከአንድ ናሙና ብዙ መቶ ቅርፊት በየዝርያው የሚቆጥሩት ወደው አይደለም።