ጭምብል እያለ

ዛሬ የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ሲደፋው ዋለ። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ሹፌሩን፣ «አንተ ልጅ፣ ጭምብልህን አድርግ እንጂ!» አሉት። «ማዘር፣ ማስክ ነው የሚባለው» ብሎ ሳቀ።

እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። በ2012 ኮሮና ሲገባ «የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ» እያልን ትንፋሽ አጠረን። ጭምብል እያለ! ምናልባት ቃሉን ለዘራፊ ብቻ ስለተውነው ይሆናል።

የጥንት ግሪኮች እንዲህ አላፈሩበትም። «ፕሮሶፖን» ሲሉ ፊትም ነው፣ የቲያትር ጭምብልም ነው፣ መድረክ ላይ የሚታየው ባለታሪክም ነው። በአሳዛኝ ድራማቸው ሦስት ተዋናዮች ብቻ ጭምብል እየቀያየሩ ንጉሡንም፣ ንግሥቲቱንም፣ መልእክተኛውንም ይሆናሉ። ሴቶቹንም የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። ሮማውያን ደግሞ ጭምብሉን «ፐርሶና» አሉት። ዛሬ ፈረንጅ ሰውን «ፐርሰን» የሚለው ከዚያው ወስዶ ነው።

የእኛስ «ገጸ ባሕርይ»? ገጽ ፊት አይደል! አማርኛ ክፍል ውስጥ ስንት ገጸ ባሕርይ ስንተነትን ኖረን፣ ፊቱን ያሳየን መምህር ግን አልነበረም።