«ከሸፈ» ሲባል ምን ሆነ ማለት ነው?

የአባቴ ታላቅ እኅት እስራኤል ውስጥ በአሽከሎን ከተማ ይኖራሉ። የማስጠንቀቂያው ጩኸት አልፎ ከመጠለያ ሲወጡ ስደውልላቸው የሚሰጡኝ መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት የዕብራይስጥ ቃላት አንዱ ነው፤ ወይ «ይሩት ነው» ይሉኛል፣ ወይ «ነፊላ ነው» ይሉኛል። የመጀመሪያው የተወነጨፈው ነገር አየር ላይ ተጠልፏል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መሬት ላይ ወድቋል ማለት ነው። አንድ ምሽት ግን መልሳቸው ረዘም አለ፦ «ይሩት ነው ልጄ፤ ረሲሲሙ ግን የጎረቤታችንን መኪና ጣሪያ በስቶታል።» ረሲሲም ፍንጣሪ ነው። ያንኑ ምሽት በአማርኛ ያነበብኩት ዜና «ሁሉም ሚሳኤሎች ከሽፈዋል» ይል ነበር። ዜናው አልዋሸም፣ አክስቴም አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን የእርሳቸው ሦስት ቃላት ለይተው ያስቀመጡትን ነገር የዜናው አንድ ቃል ደፍጥጦ አልፎታል።

መተዳደሪያዬ ትርጉም ነው። ስለ ሚሳኤል መከላከያ የሚናገር ጽሑፍ በመጣልኝ ቁጥር የምቸገረው ደግሞ አማርኛ ቃል ስላነሰው ሳይሆን ስለበዛለት ነው። «ጠለፈ» ስንል የሚታየን በመንገዱ ላይ ያለን ነገር ጠብቆ ማግኘት ነው፤ ስልክም ይጠለፋል፣ አውሮፕላንም ይጠለፋል፣ ከተጠለፈ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት ግን ቃሉ አይነግረንም። «መታ» ንክኪን ብቻ ይናገራል። «አመከነ» መካን ማድረግ ነው፤ የተቀበረ ፈንጂ ሲመክን ቅርፊቱ እንዳለ ሆኖ የመፈንዳት አቅሙ ይጠፋል። «አከሸፈ» የሚለው ደግሞ መንገዱን ትቶ ውጤቱን ብቻ የሚያይ ቃል ነው፤ ሴራ ይከሽፋል፣ መፈንቅለ መንግሥት ይከሽፋል። ጠመንጃ ይዘው ባደጉ ሰዎች ዘንድማ ጥይት ከሸፈ የሚባለው ምላጩ ተስቦ ሳይተኮስ ሲቀር ነው፤ ስለዚህ አንድ የገጠር ሽማግሌ «ሚሳኤሉ ከሸፈ» የሚል ዜና ሰምተው ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ እንደ ቀረ ቢረዱት አይፈረድባቸውም። እነዚህ አራት ግሦች በሚሳኤል መከላከያ መሐንዲሶች ዘንድ አራት የተለያዩ ክስተቶች ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ደግሞ ከሰዋስው ስሕተት የከበደ መዘዝ አለው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምስክር የ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ነው፤ ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኢራቅ ወደ እስራኤልና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የስከድ ሚሳኤሎችን ስታስወነጭፍ እነርሱን ለመመከት የተሰለፈው ፓትሪየት የተባለው የአሜሪካ ጠላፊ ሚሳኤል ነበር። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 15 ቀን የሬይቲየን ኩባንያ ፓትሪየትን የሚሠራበትን የአንዶቨር ፋብሪካ ሲጎበኙ፣ ከተገጠሙት፣ ማለትም ፓትሪየት ከተተኮሰባቸው፣ 42 ስከዶች 41ዱ መጠለፋቸውን በኩራት ተናገሩ። ከጦርነቱ በኋላ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የነበሩት ቴዎዶር ፖስቶል የቴሌቪዥን ምስሎችን እየመረመሩ ይህን ስኬት ሞገቱ፤ ነገሩም እስከ ምክር ቤት ደረሰ። በኤፕሪል 1992 ለምክር ቤቱ ኮሚቴ የቀረቡት ብርጋዴር ጄኔራል ሮበርት ድሮሌት ፕሬዚዳንቱ አልተሳሳቱም ብለው የተከራከሩት እንዲህ በማለት ነበር፦ ፕሬዚዳንቱ «ተጠለፉ» አሉ እንጂ «ወደሙ» አላሉም፣ መጠለፍ ማለት ደግሞ የፓትሪየቱና የስከዱ መንገድ ሰማይ ላይ ተላለፈ ማለት ነው። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተላለፉ ከተባለ ሳይገናኙ ቀሩ ማለት ስለሆነ፣ ይህን ክርክር ወደ አማርኛ ስመልሰው ራሱን በራሱ ሲያፈርስ አይቼ ሳቄ መጣ።

ከቃሉ በስተጀርባ ግን እውነተኛ የቴክኒክ ችግር ነበረ። የኢራቅ መሐንዲሶች ርቀት እንዲጨምርላቸው ያስረዘሙት ስከድ ከላይ ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ ሲገባ ብዙ ጊዜ በራሱ ይሰባበር ነበር። የዚያን ጊዜው ፓትሪየት ደግሞ ከዒላማው አጠገብ ፈንድቶ በፍንጣሪ የሚመታ ስለነበረ፣ ከሚወርዱት ስብርባሪዎች መካከል ፈንጂ የያዘውን ጫፍ፣ ማለትም አረሩን፣ ትቶ ባዶውን የነዳጅ በርሜል ሊመታ ይችላል። ሚሳኤሉ በእርግጥ ተመትቷል፤ አረሩ ግን አልመከነም፣ ወርዶ ይፈነዳል። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ1992 ባወጣው ዘገባ አረሩ ስለ መምከኑ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው ከግጥሚያዎቹ 9 በመቶ ያህሉ ላይ ብቻ መሆኑን ገለጸ። ይህ ማለት የቀሩት ሁሉ ከሸፉ ማለት አይደለም (ይኸው፣ እኔም ቃሉን ተጠቀምኩት)፤ የቀሩትን ለማረጋገጥ የሚበቃ ማስረጃ አልተሰበሰበም ማለት ነው። ይሁን እንጂ በ41 ከ42 እና በ9 በመቶ መካከል ያለው ገደል የተቆፈረው ባመዛኙ በግሥ ነው።

ከቁጥሩ ታች ያለው፣ ሁሉ የሚካፈልበት ቁጥርም የራሱ ታሪክ አለው። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ዳህራን በሚገኝ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ላይ አንድ ስከድ ወድቆ 28 ወታደሮችን ገደለ። የአካባቢው የፓትሪየት ባትሪ (ራዳሩና ማስወንጨፊያዎቹ በአንድ ላይ የሚጠሩበት ስም ነው) ግን ስቶ አልነበረም፤ ጨርሶ አልተኮሰም። የሥርዓቱ ኮምፒውተር ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ሲሆን፣ አንድ አሥረኛ በኮምፒውተሩ የሁለትዮሽ አቆጣጠር ማለቂያ የሌለው ቁጥር ስለሚሆን ጫፉ ተቆርጦ ይያዝ ነበር። ባትሪው ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ሲሠራ በመቆየቱ ያቺ ጥቃቅን ጉድለት ተጠራቅማ 0.34 ሰከንድ ሆነች፤ በስከድ ፍጥነት ሲሰላ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ራዳሩ ሚሳኤሉን የፈለገው በሌለበት የሰማይ ክፍል ነበርና «ምንም የለም» ብሎ ተወው። የታረመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው። እንግዲህ የመከላከያውን ብቃት «ከተገጠሙት ውስጥ ስንቱ ተጠለፈ» ብለን ብቻ ብንለካው፣ በዚያ ጦርነት አሜሪካውያንን በብዛት የገደለው ስከድ ስላልተገጠመ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል።

በ2011 ሥራ የጀመረው የእስራኤሉ አይረን ዶምም በመቶኛ ሲወራለት ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ሥርዓቱ የመጣውን ሮኬት መውደቂያ አስልቶ ባዶ ሜዳ ላይ የሚወድቀውን ሆነ ብሎ ይተወዋል፤ ስለዚህ «90 በመቶ» ሲባል ከተተኮሱት ሁሉ ሳይሆን ሊመታ ከወሰነባቸው ውስጥ ነው። ይህ አሠራር ብልኅነት እንጂ ማጭበርበር አይደለም፤ ዜናው ላይ «ከተተኮሱት 90 በመቶው ከሸፉ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን የተሳሳተ ነገር ጽፏል።

ወደ ሙከራው ዓለም ስንገባ የቃላቱ ነገር ይበልጥ ይረቃል። «ዒላማ» ስንል ልባችን ላይ የሚመጣው ዛፍ ላይ የተሰቀለ ጣሳ ነው፤ ቆሞ ይጠብቃል። በሚሳኤል መከላከያ ሙከራ ግን ዒላማው ራሱ የሚወነጨፍ ሮኬት ነው፣ እርሱም እንደማንኛውም ሮኬት ይበላሻል። ሜይ 25 ቀን 2007 ከአላስካዋ ኮዲያክ ደሴት የተወነጨፈው ዒላማ የሚፈለግበት ቦታ ሳይደርስ ስለ ቀረ፣ ካሊፎርኒያ ተዘጋጅቶ የነበረው ጠላፊ ሚሳኤል ሳይተኮስ ቀረ። የአሜሪካ የሚሳኤል መከላከያ ኤጀንሲ ይህን የመዘገበው በሽንፈት ሳይሆን «ሙከራ የለም» በሚል ስያሜ ነው። በአማርኛ «ሙከራው አልተሳካም» ብዬ ብተረጉመው ጠላፊው የወደቀ ያስመስላል፣ «ሙከራው ተሰረዘ» ብለው ምንም ያልተወነጨፈ ይመስላል፤ ብዙ ካሰብኩ በኋላ «ከሙከራ አልተቆጠረም» የሚለውን መረጥኩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 ሲደገም ተሳካ።

ዒላማው የሚቀርብበት ሁኔታም ቢሆን «ተሳካ» የሚለውን ቃል ክብደት ይወስነዋል። ያለ ፈንጂ፣ በግጭት ኃይል ብቻ ባሊስቲክ ሚሳኤልን ሰማይ ላይ መስበር እንደሚቻል መጀመሪያ የታየው ጁን 10 ቀን 1984 አሜሪካ ባደረገችው ሙከራ ነው፤ መቺው አካል፣ ማለትም ከጠላፊው ሮኬት ተላቅቆ ዒላማውን የሚጋጨው ክፍል፣ ወደ ዒላማው ሲቀርብ 4 ሜትር ስፋት ያለው፣ የጃንጥላ አጥንት የሚመስል ብረት ይዘረጋ ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ሙከራዎች ከሽፈው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ሲመረምር ዒላማው በሙቀት ጠቋሚ ጎልቶ እንዲታይ አስቀድሞ መሞቁንና ጎኑን ሰጥቶ እንዲበር መደረጉን አገኘ። ከዚህም የሚገርመው፣ ሶቪየቶችን ለማሳሳት ሲባል ቀደም ባሉት ሙከራዎች ዒላማው ላይ ፈንጂ ተደርጎ ጠላፊው በአጠገቡ ካለፈ የተመታ እንዲመስል ታቅዶ እንደነበር ነው። የ1984ቱ መምታት ግን እውነተኛ መምታት ነበር። ስለዚህ ተመትቷል ብሎ መጻፍ ትክክል ነው፣ «በጦርነት ላይ ሊመታ ይችላል» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሙከራ ሲበላሽ የሚሰማው ኦፊሴላዊ ቃል «አኖማሊ» ነው፤ እንግዳ ነገር ተከሰተ እንደ ማለት ነው። እኔ ግን መንስኤውን በቀጥታ መናገር ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መንስኤው ማንኛውም ጋራዥ የሚሠራ ሰው የሚረዳው ነው። በጃንዋሪ 2000 የሙቀት ጠቋሚውን የሚያቀዘቅዘው ቱቦ ተደፍኖ መቺው አካል በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ታወረ። በዚያው ዓመት ጁላይ ደግሞ መቺው አካል ከተሸከመው ሮኬት አልላቀቅ ብሎ ቀረ፤ ያን ዕለት ዒላማው አጠገብ ሊነፋ የሚገባው የማታለያ ፊኛ እንኳ አልተነፋም። በዲሴምበር 2010 ደግሞ አቅጣጫ ማስተካከያ ሞተሮቹ የፈጠሩት ንዝረት የመምሪያ መሣሪያውን አሳሳተው።

ያ ፊኛ ወደ አስቸጋሪው ቃል ያደርሰናል። አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል ከግማሽ ሰዓት በማይርቅ ጉዞው ሞተሩ የሚነደው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አረሩ 20 ደቂቃ ያህል አየር በሌለበት ሕዋ ውስጥ ይንሳፈፋል። አየር ከሌለ ደግሞ ላባና እርሳስ እኩል ይጓዛሉ፤ የተነፋ ፊኛም ከአረሩ ጎን ለጎን ሳይቀድም ሳይዘገይ ይሄዳል። ከዚህ መንጋ ውስጥ እውነተኛውን አረር መለየት በእንግሊዝኛው «ዲስክሪሚኔሽን» ይባላል። አንድ ጊዜ እንዳርመው የተላከልኝ ትርጉም ይህን ከመዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ፍቺ ወስዶ «የራዳሩ አድልዎ» ብሎት አገኘሁ፤ ራዳሩ ለማን እንዳደላ ግን አልተገለጸም። እኔ የምመርጠው «ምርቱን ከገለባው» እንደምንለው «መለየት» የሚለውን ተራ ቃል ነው።

ይህን መለየት ይበልጥ የሚያከብደው ደግሞ ፍጥነቱ ነው። ርዝመቱ 1.4 ሜትር፣ ክብደቱ 64 ኪሎ ግራም የሚሆነው የአሜሪካ መቺ አካል ፈንጂ የለውም፤ ከዒላማው ጋር የሚቀራረበው በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ግጭቱ ብቻ ይበቃዋል፣ ከሳተ ግን ተመልሶ የመሞከር ዕድል የለውም። ስለዚህም ሁለት አከታትሎ መተኮስ ያስፈልጋል። ማርች 25 ቀን 2019 በተደረገው ሙከራ ፊተኛው ጠላፊ አረሩን ከመታ በኋላ፣ ተከታዩ ስብርባሪውን ቃኝቶ ሌላ አረር ሲያጣ ከቀሩት ነገሮች «ይበልጥ ገዳይ» የመሰለውን መርጦ እንደ መታ ኤጀንሲው አስታወቀ። ይህ ሐረግ ለእኔ ከቃላቱ ሁሉ ሐቀኛው ነው። ማሽኑ አረር አገኘሁ አላለም፤ ከታየኝ መካከል የሚያሰጋው ይህ ነው አለ እንጂ።

በስሞቹ ላይ ግን አማርኛ ማንንም አይለምንም። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የእስራኤል መከላከያ «የዳዊት ወንጭፍ» ይባላል፤ እኛ ደግሞ ሚሳኤልን ሁሉ «ተወነጨፈ» እያልን ስንናገር ኖረናል፣ ስለዚህ በአማርኛ ወንጭፉ የተከላካዩም የአጥቂውም ነው። ከፍ ያለውን ሰማይ የሚጠብቀው ሌላው ሥርዓት በዕብራይስጥ «ሔጽ» ይባላል፤ ግዕዝ የቆጠረ ሰው «ሐፅ» መሆኑን፣ ፍላጻ ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል። አክስቴ ዕብራይስጡን የለመዱት በእንዲህ ያሉ ቃላት ተደግፈው እንደሆነ ሲነግሩኝ ነበር።

ባለፈው የሠራሁት የዜና ትርጉም ላይ «ሚሳኤሉ ከሽፏል» የሚለውን ትቼ «ሚሳኤሉ አየር ላይ ተመትቷል፤ ፍንጣሪው መኖሪያ ሰፈር ላይ ወድቋል» ብዬ ላክሁ። አዘጋጁ ርዕሱ ረዘመብኝ ብሎ በማግስቱ ሲያወጣው «ከሽፏል» ሆኖ አገኘሁት።