ጢስ ዓባይን ያሰመጠው ፍጥነት

ባሕር ዳር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ጣናን በማይንክራፍት፣ ዓለም በኩብ ብሎኮች በሚገነባበት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ እንሠራ ነበር። ሐይቁን በሙሉ ማለቴ አይደለም። አንድ ብሎክ አንድ ሜትር ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ጣና ገጹ ብቻ ከ3 ቢሊዮን ብሎክ በላይ ይፈጃል። ደንበኛው የጠየቀው ከዘጌ ተነሥቶ በደብረ ማርያም በኩል ዓባይን ተከትሎ እስከ ፏፏቴው ያለውን ነው። የጨዋታው ዓለም ከወለል እስከ ጣሪያ 384 ብሎክ ስለሆነ፣ ሐይቁን ወደ ላይ ሰቅለን ለጢስ ዓባይ ከታች ቦታ ተውንለት።

የእኔ ድርሻ ግንበኞቹ የሚጠቀሙበትን የዓለም ማረሚያ መሣሪያ ማሻሻል ነበር። ብዙ ብሎኮችን በአንድ ትእዛዝ የሚቀይረውን ወርልድኤዲትን የሚያውቅ ሰው አይቸገርበትም። ዋናው ጣጣ የውሃ መሙያው ትእዛዝ ነበር። አንድ ነጥብና አንድ ከፍታ ሲሰጡት፣ ከነጥቡ ጋር የተገናኘውንና ከከፍታው በታች ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ ውሃ ያደርገዋል። የድሮው ስሪት ብሎኮቹን አንድ በአንድ በጨዋታው በኩል ያስቀምጥ ነበር፤ ጨዋታው ደግሞ ለእያንዳንዷ ብሎክ ጎረቤቶቿን ይቀሰቅሳል፣ ብርሃኑን እንደገና ያሰላል፣ ውሃው ይፈስስ እንደሆነ ይመረምራል። በሰከንድ 20 ዙር መሥራት ያለበት ሰርቨር ያቃስታል። እኔ ይህን ሁሉ ዘልሎ ጨዋታው ዓለሙን ከፋፍሎ በሚያስቀምጥባቸው ክፍሎች፣ በቸንኮቹ ላይ፣ በቀጥታ እንዲጽፍ፣ ብርሃኑንም መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲያሰላ አደረግሁት። ቡና እያስፈላን የምንጠብቀው ሥራ ውሃው ሳይሞቅ ያልቅ ጀመር።

ሥራ አስኪያጃችን ይህን ለደንበኛው ሲያቀርብ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁት። ኮዱ የተጻፈበትን ቋንቋ ስም እንኳ አሳስቶ ጠራው። ይሁን።

ከግንበኞቹ መካከል በጥንቃቄዋ የምትታወቅ አንዲት ወጣት ነበረች። ከሳተላይት ያገኘነው የከፍታ መረጃ የውሃውን ገጽ እንጂ ከሥሩ ያለውን መሬት ስለማያሳይ፣ የሐይቁን ወለል በእጇ ቀርጻዋለች። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ እውነተኛው ግድብ ባለበት በጨራ ጨራ በኩል ጊዜያዊ የድንጋይ አጥር አቆመችና አዲሱን መሣሪያ ሙላ አለችው። ከአጥሩ ጥግ አንዲት ብሎክ ጎድላ ነበር።

መሣሪያው ውሃ ቁልቁል እንደሚወርድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ከፍታን ብቻ ነው። በቀዳዳዋ ሾልኮ የዓባይን ሸለቆ እስከ ሐይቁ ልክ ሞላው። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው፣ 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው ፏፏቴ ጢሱ ቀርቶ ገደሉም አልታይ አለ።

መልሺው አልኳት፤ በአንድ ትእዛዝ ተመለሰ። ለእኔ ነገሩ እዚያው አለቀ። በማግስቱ ግን በድሮው ስሪት ስትሠራ አገኘኋት።

«እኅቴ፣ አዲሱ ተጭኗል እኮ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«በዚህኛው ውሃው ሲሄድ ይታየኛል። ባላሰብኩት በኩል ከወጣ አቆመዋለሁ።»

«በአዲሱም መመለስ ይቻላል። አይተሻል።»

«መመለሱማ ይመለሳል። በየት እንደ ሾለከ ግን አይነግረኝም። እርስዎ ጎርፉን ነው ያሳዩኝ፤ እኔ የምፈልገው ቀዳዳዋን ነው።»

በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው «እርስዎ» መባሉ ራሱ ይቆረቁራል፤ እንዲህ ባለ ትሕትና ሲረቱ ደግሞ መልስ ይጠፋል። ከመሙላቱ በፊት ስንት ብሎክ እንደሚሞላ የሚነግር ቅድመ ማሳያ ሠራሁላት። ቁጥሩን አየችና «ትልቅ ነው፤ ሐይቅም ትልቅ ነው» ብላ ወደ ድሮው ተመለሰች።

በመጨረሻ ውሃው ከተሰጠው ነጥብ ተነሥቶ ዙሪያውን በቀለበት እየሰፋ፣ በየቀለበቱ እየቆመ እንዲሞላ፣ ሲፈለግም እንዲገታ የሚያደርግ አማራጭ ጨመርኩ። ያን ያህል የተለፋበትን ፍጥነት መልሶ የሚያዘገይ ኮድ በገዛ እጄ ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር አልልም። ትክክለኛው መፍትሔ መሙላቱ ፈጣን ሆኖ ቀዳዳዎቹ ቀድመው የሚታሰሱበት መንገድ ነው፤ ያን ጊዜም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

ልጅቷ የድሮውን ስሪት ያን ዕለት አጠፋችው። ደንበኛውም ውሃው በዝግታ ደሴቶቹን እየከበበ ሲሄድ ማየቱን ከፍጥነቱ ይልቅ ወደደው፤ ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ አዲስ አገልግሎት ነው ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀበት።