አዳማን ድሬዳዋ ያደረግኩበት ቀን

ኦታዋ ሥራ ከጀመርኩ ገና ስድስተኛ ወሬ ነበር። ሥራዬ ካርታ ነው። አንድ ጠዋት ለመስክ ቡድኑ የሄሊኮፕተር ነዳጅ አስላ ተባልኩ። ቦታው ብሮደር የሚባል ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በካናዳዋ ኑናቩት ግዛት ውስጥ፣ የባፊን ደሴት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ።

ሰው የሚባል አይኖርበትም። በምዕራብ ፕሪንስ ሪጀንት ኢንሌት፣ በሰሜን ላንካስተር ሳውንድ፣ በምሥራቅ አድሚራልቲ ኢንሌት የሚባሉ የባሕር ውሃዎች ከበውታል። ከደሴቲቱ ጋር ያያያዘችው በደቡብ ያለች ቀጭን የመሬት አንገት ብቻ ናት። ቅርብ የሚባለው መንደር፣ አርክቲክ ቤይ፣ ከአድሚራልቲ ማዶ ነው። ስለዚህ ነዳጁ በበርሜል ቀድሞ ተወስዶ ይቀመጣል። ቢያልቅብህ ጮኸህ የምትጠራው ጎረቤት የለም።

ስክሪኑ ላይ፣ 73 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ፣ ከባሕር እስከ ባሕር መስመር ጎተትኩ። ሦስት የኬንትሮስ ዲግሪ ገደማ ነው። 334 ኪሎ ሜትር አለኝ። ቁጥሩን ገለበጥኩ፣ በርሜሎቹን አባዛሁ፣ ቡና ልቀዳ ሄድኩ።

ስመለስ አንጋፋዋ ባልደረባችን ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች።

«ግሪንላንድም ደርሰው ሊመለሱ ነው እንዴ?»

የለካሁት ዌብ መርኬተር በሚባለው፣ ክቧን ምድር ጠፍጣፋ አድርጎ በሚያሳየው የካርታ ዘዴ ላይ ነበር። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታው ሲሄዱ ይቀራረባሉ፤ መርኬተር ግን እስከ ላይ ድረስ እኩል አራርቆ ያቆማቸዋል። 73 ዲግሪ ላይ ርዝመትን 3.4 እጥፍ፣ የመሬት ስፋትን ደግሞ 12 እጥፍ ገደማ ይለጥጣል። እውነተኛው ርቀት 98 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአገራችን ልንገራችሁ፦ ከአዲስ አበባ አዳማ ያለውን የመኪና መንገድ፣ በአየር ድሬዳዋ ሊደርስ ጥቂት የቀረው አድርጌ ጻፍኩት።

«ስንት ዓመት እንዲህ ስትለካ ኖርክ?»

ስምንት። ግን አፌን ሞልቼ አልመለስኩላትም።

እንዴት ሳይታወቅብኝ ቀረ? አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። እዚያ ያው መርኬተር ስፋትን የሚያሳብጠው 2.5 በመቶ ቢሆን ነው። ማን ልብ ይላል?

የነዳጁን ሠንጠረዥ ሳይላክ አስተካከልኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ከአገር ቤት ያመጣሁትን የድሮ ፋይል ከፈትኩ። የ40 ሄክታር እርሻ 41 ብዬ አስረክቤያለሁ። ባለቤቱ አንድም ቀን አልደወለ። አንድ ሄክታር የተመረቀለት ሰው ምን ብሎ ይደውላል?