ጎድኑን ሁለቴ ጠይቄ ጎመኑን ሳልጠይቅ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው አስቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን እናቴን እንደዚያ ስለማላሳዝናት ነው። ዳላስ መኖር ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛል። የቴክሳስ ባርቤኪው፣ ማለትም በእንጨት ጭስ ቀስ ብሎ የሚበስለውን ሥጋ፣ በጣም እወዳለሁ። እማዬ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 የፍስክ ቀናት ውስጥ ስለነበር፣ አንድ ቅዳሜ ጎድን ልጋብዛት አሰብኩ።

ሥጋው በማን እጅ ታረደ የሚለውን ጉዳይ ገና ሳትሳፈር ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። የቀረው አሳማ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ እኔ አውቃለሁ ብዬ ተማምኛለሁ።

የማውቀው ይህን ነው። ምናሌው ላይ «ሪብ» (ጎድን) ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የአሳማ ነው ብላችሁ ያዙ። «ስፔር ሪብ»፣ «ቤቢ ባክ»፣ «ሴንት ሉዊስ» የሚሉትም የአሳማ ናቸው። የበሬው «ቢፍ ሪብ» ይባላል። በብዙ ቤት ቅዳሜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ ዓርብ ደውዬ 2 አስያዝኩ። ቅዳሜ ሊከፍቱ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው ሰልፍ ያዝን።

ሥጋው እንደኛ ሥጋ ቤት በሚዛን ነው የሚሸጠው። እማዬ ሚዛኑን ስታይ ፊቷ ፈካ። እውነትም ዘሩ አንድ ነው፤ የመካከለኛው ቴክሳስ ባርቤኪው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመንና የቼክ ስደተኞች ከከፈቷቸው ሥጋ ቤቶች የወጣ ነው። ቆራጩን የበሬ መሆኑን ሁለቴ ጠየቅኩት። ቢላዋውንና መክተፊያውን እንዲቀይርልኝም ለመንኩት። ሳያጉረመርም ቀየረልኝ። በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ ወደ ማባያው አለፍን። የድንች ሰላጣ፣ ኮልስሎ (የጥቅል ጎመን ሰላጣ)፣ ፒንቶ ቦሎቄ፣ ማካሮኒ በቺዝ ተደርድሯል። ጥግ ላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቅጠል ይጨሳል።

«ይሄ ጎመን አይደለም እንዴ?» አለች እማዬ።

ከመጣች ጀምሮ ጎመን ናፍቋታል። የምታወጣውን ልጅ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ኮላርድ ግሪንስ፤ አትክልት ነው» አለችኝ። በቃ። ሌላ አልጠየቅኩም። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል፤ ሰው ማስቆም አፈርኩ። ያቺ ሐፍረት እስከ ዛሬ ታናድደኛለች።

ጎድኑ ግሩም ነበር። አንዱ ብቻ ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል። እማዬ ከጥቁሩ ቅርፊት ሥር ያለውን ሮዝ መስመር አይታ «አልበሰለም» አለች። ደም አይደለም፤ የእንጨቱ ጭስ ከሥጋው ቀይ ቀለም ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ነው አልኳት። ሥጋው ገና ስትነካው ከአጥንቱ ሲላቀቅ አመነችኝ። ሚጥሚጣዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ከዚያ ጎመኑን ቀመሰች።

«ጎመን በሥጋ እኮ ነው የሚመስለው! ማን አስተማራቸው?»

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ሳቅኩ። ሦስተኛ ጉርሻዋ ላይ ከቅጠሉ መሀል ወፍራም፣ ነጣ ያለ ቆዳ በሹካዋ ወጣ። ሆዴ ተገላበጠ።

ተነሥቼ ወደ ልጅቷ ሄድኩ። «አዎ፣ በጭስ የደረቀ የአሳማ እግር አለው፤ ለጣዕም ነው» አለችኝ። አትክልት ነው ብለሽኝ ነበር ስላት፣ «አትክልት እኮ ነው» አለች። ሥራ አስኪያጁ መጣ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአለርጂ ዝርዝር አሳየኝ። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ስንዴ፣ ሰሊጥ እያለ 9 ይደርሳል። አሳማ የለበትም። ሕጉ የሚዘረዝረው ሰውን የሚያሳምመውን ነውና አሳማ ሊኖርበትም አይችልም። ከዚያ የጎመኑን ዋጋ ልመልስልህ አለኝ። እኔ የፈለግኩት አንድ «ይቅርታ» ነበር። ቦሎቄውስ ብዬ ጠየቅኩት። እሱም ቤከን፣ ማለትም በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ አለበት።

በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ኮላርድ በአሳማ መቀቀል የቆየ ልማድ ነው። 6 ዓመት ኖሬ ይህን አላወቅኩም፤ ሁልጊዜ ሥጋና ድንች ብቻ ነበር የማዝዘው።

ስመለስ ዝም ልበላት ብዬ አሰብኩ። አውቃ አልበላችው፣ ለምን አስጨንቃታለሁ? ግን «ምን አሉህ?» ብላ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ መዋሸት አቃተኝ። ነገርኳት። ሹካዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። መታጠቢያ ቤት ገብታ አፏን ተጉመጠመጠች። ስትመለስ ነጠላዋን ተከናንባ ነበር። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ብትቆጣኝ በስንት ጣዕሙ።

ሌሊት ላይ፣ አገር ቤት ሲነጋ፣ ለንስሐ አባቷ ስትደውል በበሩ ሰማኋት። «አባቴ፣ ልጄ አይደለም ያበላኝ። እኔው ነኝ ጎመን አማረኝ ያልኩት» አለቻቸው። አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው «ቬጂቴሪያን (ሥጋ የሌለበት) ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ» ይላል። አልስማማም። ለብዙዎቹ ቅጠል ቅጠል ነው፤ ለጣዕም የገባውን አይቆጥሩትም። «ድስቱ ውስጥ ምን ምን ገብቷል?» በሉ። ደግሞ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ አትጠይቁ፤ ጎድኑን ለማስያዝ ስትደውሉ አብራችሁ ጨርሱት። የበሬ ነው የሚሉት ቋሊማም አንዳንዴ በአሳማ አንጀት ይሞላልና ስለ አንጀቱም ጠይቁ። የድንች ሰላጣም ቤከን ሊነሰነስበት ይችላል። በነጻ የሚሰጡት ነጭ ዳቦ፣ ጥሬ ሽንኩርትና ፒክል ከሚጥሚጣ ጋር ለእኔ ይበቃኛል። በትልልቅ ከተሞች አሳማ የማያስገቡ የሐላል ባርቤኪው ቤቶች አሉ፤ ለሙስሊም ወዳጆቼ የምጠቁመው እነሱን ነው። ለእናቴ ግን ያ መፍትሔ አልሆነም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እማዬ ራሷ «ያንን ጎድን አምጣ» አለችኝ። ወደ ሌላ ቤት ደውዬ፣ አሳማውን ለብቻ የሚጠብሱ መሆናቸውን አጣርቼ፣ ጎድኑን ብቻ ገዝቼ መጣሁ። በሩን ስከፍት ቤቱ ጎመን ጎመን ይላል። ኮላርዱን ከሱፐርማርኬት ገዝታ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ሠርታ፣ እንጀራውን ዘርግታ ጠበቀችኝ።