የለመንኳት ካርድ መጣችልኝ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ። ይሄን ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፣ አሁንም እየጻፍኩ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ኦንላይን ፖከር፣ በካርታ በገንዘብ የሚቆመርበትን ጨዋታ፣ እጫወት ነበር። የዛን ሌሊት የገባሁበት ቶርናመንት (ውድድር) መግቢያው የቤት ኪራያችን ነው። ባለቤቴ እንዳትነቃ ሽንት ቤት መብራት አጥፍቼ 7 ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። 9 ሰው ቀረን፣ የመጨረሻው ጠረጴዛ፣ በቺፕስ፣ ማለት በመወራረጃው ነጥብ፣ ሁለተኛ ነኝ። ዝም ብዬ ፎልድ እያልኩ፣ ካርዴን እየጣልኩ፣ ብቆይ እንኳን ኪራዩ ይመለስ ነበር።

ኤስ (ትልቁ ካርድ) እና ኩዊን መጣልኝ፣ ሁለቱም ሃርት፣ ቀይ የልብ ምልክት። ለሁላችን የጋራ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ከሚወርዱት አምስት ካርዶች የወረዱት ሦስቱ ደሞ ኪንግ ሃርት፣ 7 ሃርት፣ አንድ ጥቁር 2። አንድ ሃርት ብቻ ከመጣች ፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርዶች) ሞላ፣ ያውም በኤስ፣ ማን ይበልጠኛል? ያልታዩ 9 ሃርቶች ቀርተዋል፣ ገና በሚወርዱት ሁለት ካርዶች ውስጥ አንዷ የመምጣት ዕድሏ 35 ከመቶ አካባቢ ነው፣ ይሄን እንደ መዝሙረ ዳዊት በቃሌ ነበር የማውቀው (ይቅር ይበለኝ)። በቺፕስ አንደኛ የሆነው ሰውዬ ኦል ኢን አለ፣ ያለውን ሁሉ አስያዘ፣ እኔም ኮል፣ ያለኝን ሁሉ ይዤ ተከተልኩት። ካርዱ ተገለጠ፣ ኪንግ ይዟል፣ ከወረደው ኪንግ ጋር ጥንድ ሆኖለት እየመራኝ ነው። አራተኛዋ ጥቁር 9 ወጣች። ያኔ ስልኩን እንደያዝኩ ሴራሚኩ ላይ ተንበረከክኩ፣ ጌታ ሆይ አንድ ሃርት፣ አንድ ብቻ፣ ሁለተኛ አልነካውም።

መጣች። 4 ሃርት። አፌን በእጄ ይዤ ሃሌ ሉያ አልኩ። ቺፕሱ ግን ወደ ሰውዬው ሄደ።

አልዋሽም፣ እግዚአብሔርን ተሳደብኩ። ሰጥተህ ትነጥቃለህ ወይ አልኩት። ሂስትሪውን፣ ያለፈውን ጨዋታ መዝገብ፣ ከፍቼ ሳጎላው ኩዊኗ ሃርት አይደለችም፣ ዳይመንድ ናት። ሁለቱም ቀይ፣ ስክሪኑ ትንሽ፣ ዓይኔ እንቅልፍ ያጣ። አራት ሃርት ነው ያለኝ፣ ፍላሽ አምስት ይፈልጋል። አራቱን ምልክት በአራት ቀለም የሚለይ ሴቲንግ ነበረው እኮ፣ የጀማሪ ነው ብዬ ንቄው ነው።

ያዕቆብ በክፉ ትለምናላችሁና አትቀበሉም ይላል። እኔ ግን በክፉ ለምኜ ተቀበልኩ፣ ያ ነው ያስደነገጠኝ። ወታደሮቹ ከመስቀሉ ስር በቀሚሱ ዕጣ ሲጣጣሉ ታየኝ፣ እኔም መሀላቸው ቁጭ ብዬ፣ ደሙ እየፈሰሰ ቀና ብዬ ዕጣው ለኔ ይውጣ እያልኩት።

ባለቤቴን ልቀሰቅስ ስገባ ነቅታ ተንበርክካለች። የኪራዩን ነገር ነገርኳት፣ አለቀስን።

ኪራዩን ሞልተህልኝ፣ አንዲት የተግሳጽ ቃል ሳትናገር አጠገቤ ቁጭ ብለህ አካውንቱን ያዘጋኸኝ ወንድሜ፣ ስሜን አትጥራ ስላልክ ነው፣ ጌታ ያስብህ።

ከዛ 11 ወር፣ ሁለቴ ወድቄ ተነስቼ፣ አለፈ። ከረግረግ ጭቃ አወጣኝ።

ባለፈው እሁድ ባለቤቴን፣ ያን ሌሊት ምን ብለሽ ነበር የምትጸልዪው አልኳት። የኤልሳዕን ነዋ አለችኝ፣ ያይ ዘንድ ዓይኖቹን ግለጥ።

ስለ ኩዊኗ እኮ አልነገርኳትም ነበር።