የሂባሪ እንባ እና የእኔ ደረቅ ዓይን

ዛሬ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ማንም አላስከፋኝም፣ ሥራም አልበዛብኝም። ዝም ብሎ ደብሮኛል። ከጠዋት ጀምሮ ያላባራው ዝናብ ይሆናል፣ ወይም ያቺ ልጅ ትናንት ማታ እያወራን በመሃል ጥላኝ የጠፋችው ነገር ይሆናል። (ካነበበችው ራሷን ታውቃለች።) ለማንኛውም እንዲህ ሲያደርገኝ የማደርገውን አደረግኩ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ሂባሪን ከፈትኩ።

አዎ፣ እንደገና ሂባሪ። ወንድሜ "ያቺ ቻይናሽ" የሚላት። ቻይና አይደለችም ብዬው ብዬው ደክሞኛል። ሚሶራ ሂባሪ ጃፓናዊት ዘፋኝ፣ የዮኮሃማ ልጅ ናት፣ አባቷ ዓሣ ነጋዴ፣ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1937። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ አገሩ ገና ከፍርስራሹ ሳይወጣ፣ ይቺ ጭብጥ የምታክል ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ እንደ ትልቅ ሴት ዘፈነች። ግማሹ ሰው አበደላት። ግማሹ ደግሞ "ልጅ እንዲህ ዓይነት ዘፈን ይዘፍናል እንዴ?" ብሎ ተቆጣ። ከዚያ በ1989 በ52 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ ዘፈነች፣ ፊልም ሠራች፣ ደግሞ ዘፈነች። ስትሞት መንግሥት የሕዝብ ክብር ሽልማት ሰጣት፤ ያንን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ሲሰጧት በሕይወት አልነበረችም እንጂ። እኛ አገርም ቢሆን ያው ነው።

እኔ ቤት የገባችው ዩቲዩብ በራሱ መርጦ ሲያጫውት ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ወደ ጃፓን ዘፈን የሚገባው ቲክቶክ ባነሳቸው በነዚያ የሰማንያዎቹ የቶኪዮ ዘፈኖች በኩል ነው፤ የማታ መንገድ፣ የመኪና መብራት፣ ባስ ጊታር ምናምን። እኔም በዚያው ገባሁ። አንድ ቀን ከዚያ ሁሉ ሞቅ ያለ ነገር ቀጥሎ አንዲት ኪሞኖ የለበሰች ሴትዮ መጣች። ጊታሩ ብቻውን ጀመረ፣ በጣም በዝግታ። ላሳልፋት እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ዘፈኑ "ካናሺ ሳኬ" ይባላል፣ የ1966 ነው፣ ዜማው የማሳኦ ኮጋ። አንዲት ሴት መጠጥ ቤት ብቻዋን ቁጭ ብላ የተለያትን ሰው ለመርሳት ትጠጣለች። በቃ ይኸው ነው ታሪኩ። በመሃል ሙዚቃው ከሥር እየሄደ ዘፈኑን ትታ ታወራለች፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው። ከዚያ ወደ ዜማው ስትመለስ ዓይኗ ሞልቷል። ካሜራው ተጠግቶባታል። እንባው ይወርዳል፣ ፓውደሩን አቋርጦ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። ዓይኗን እንኳን አታርገበግብም። ድምጿ ደግሞ... ምንም። ቅንጣት አይነቃነቅም። ኤንካ የሚባለው የጃፓኖች የሆድ ብሶት ዘፈን ዘፋኞች ኮቡሺ የሚሉት ድምፅን የማጠፍ ነገር አለ፣ እሱን እንኳን አንድም ሳታጓድል እያጠፈች ትሄዳለች። ይህን ዘፈን በዘፈነች ቁጥር እንዲህ ታለቅስ እንደነበር ጃፓን ውስጥ የማያውቅ የለም።

ይኸን እየሰማሁ እማዬ አጠገቤ ምስር እየለቀመች ነበር።

"ይሄ የማን ነው?" አለችኝ።

"የጃፓን ነው እማ።"

"ውሸትሽን ነው፣ ትዝታ ነው እኮ።" ትንሽ ሰማች። "ይቺ ሴትዮ ጥሏት ሄዷል" አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ነገሩ የእማዬ ጆሮ ብቻ አይደለም። ኤንካ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው ወጥተው በቀሩት አምስት ነው። የእኛ ትዝታም ልክ እንደዚያው ነው። ሦስተኛውና ስድስተኛው ዝቅ ሲሉ ደግሞ እነሱም ጋ እኛም ጋ ያው ሆድ የሚያባባው ማይነር ይመጣል። አንዱ ከሌላው የተማረ አይመስለኝም። በመሃል ስንት ባሕር አለ።

ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ልጆች ለእረፍት ጃፓን ይላኩ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ "ጃፓኗን ወድጄ" እያለ የዘፈነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ያኔ ሂባሪ የአሥራ አራት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆና ጃፓንን ይዛታለች። እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ፖም አበባ የዘፈነችው "ሪንጎ ኦይዋኬ" ከየሬዲዮው ይወጣ ነበር። እና አንዱ የእኛ ሰው፣ ከኮረብታ ውጊያ ወርዶ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ከተማ መሃል አንድ ሱቅ በር ላይ ያንን ድምፅ ሰምቶ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይሆን? "የማን አገር ትዝታ ነው ይሄ?" ብሎ ጓደኛውን ጠይቆ ይሆን? የሰፈራችን ጋሼ ዘማች ነበሩ። በሕይወት እያሉ ሁሌ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው አገኛቸው ነበር፣ ያኔ ግን ሂባሪን አላውቃትም። አሁን የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ጥላሁን ካልኩ አይቀር፣ እሱም መድረክ ላይ እያለቀሰ ይዘፍን ነበር፣ ያላየ የለም። የእሱ ግን ይለያል። እሱ ሲያለቅስ ፊቱ ሁሉ ያለቅሳል፣ ግንባሩ፣ ከንፈሩ፣ ያ የያዘው መሐረብ ሁሉ። አብረኸው ትፈርሳለህ። ሂባሪ ግን ዓይኗ ብቻ ነው የሚያለቅሰው፣ ሌላው ሥራ ላይ ነው።

እንዴት ነው የሚቻለው? ሰው ሲያለቅስ ጉሮሮው ይዘጋል። አፍንጫው ይሞላል። "ደህና ነኝ" ለማለት እንኳን ድምፁ እምቢ ይላል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሞክሬዋለሁ፤ የሚያሳዝን ነገር አስቤ አንድ መስመር ላንጎራጉር ብዬ እንባውም ድምፁም ሳይመጣ ቀረ፣ ውሃው ብቻ ቀዘቀዘ።

አንድ ቀን ይኸን ለዚያ ሁሉን ለሚያውቀው ጓደኛዬ ብነግረው "ትወና ነው ባክሽ" አለኝ። ተዋናይ ናት፣ እውነቱን ነው፣ ከመቶ በላይ ፊልም ሠርታለች። ግን "ትወና ነው" ሲል "ውሸት ነው" ማለቱ ነው፣ እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። አያቴ አገር አልቃሽ ትጠራለች። ሟቹን በሕይወቷ አይታው የማታውቅ ሴት። መጥታ ጥግ ላይ ትቀመጥና ቤተሰቡን ቀስ ብላ ትጠይቃለች፤ ስንት ልጅ ነበራቸው፣ በቅሎዋ ምን ትባል ነበር፣ ለማን ነው አደራ ያሉት። ከዚያ ተነስታ ያንን ሁሉ በግጥም ስታወጣው፣ እስካሁን አንጀቱን አስሮ የቆመው የበኩር ልጅ መሬት ላይ ይወድቃል። ስታለቅስ እሷም የምሯን ነው፣ እንባዋ ይታያል። ከዚያ ጠላዋን ጠጥታ፣ ድርሻዋን ተቀብላ፣ በነጋታው ሌላ ጎጥ ትሄዳለች። እሷን ማንም አስመሳይ ብሏት አያውቅም። እንዲያውም አልቃሽ ያልተጠራበት ለቅሶ ነው የሚታማው።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ የሚያስቸግረኝ። ሂባሪ በመጨረሻው ጊዜ ታማ ነበር። ጉበቷም፣ የዳሌዋ አጥንትም። በ1987 ሆስፒታል ተኝታ ከርማ፣ በሚያዝያ 1988 አዲስ በተከፈተው ቶኪዮ ዶም ስታዲየም ወደ መድረክ ተመለሰች። 39 ዘፈን ዘፈነች። እግሯን እንደ ልብ ማንሳት አትችልም፣ ከመድረኩ ጀርባ አምቡላንስ ቆሞ ይጠብቃታል። መጨረሻ ላይ መቶ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ብቻዋን፣ ያንን ላባ በላባ የሆነ ልብስ ለብሳ፣ ቀስ እያለች ሄደችው፣ ግራ ቀኝ እጇን እያወዛወዘች። እና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እየሳቀች። መጠጥ ቤት ውስጥ ላለች፣ በዓለም ላይ ላልነበረች ሴት በየመድረኩ ታለቅሳለች፣ የራሷ አጥንት ሲያልቅ ግን ፈገግታ። በዓመቱ ሞተች። (ጥላሁንም በስኳር በሽታ እግሩን ካጣ በኋላ መድረክ ላይ ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች ከምን እንደተሠሩ እንጃ።)

ከሞተች በሠላሳ ዓመቷ፣ በ2019፣ መልሰው አመጧት። ያማሃ የሚባለው፣ ኦርጋንና ሞተርሳይክሉን የምናውቅለት፣ የድሮ ቅጂዎቿን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት አስተምሮ አዲስ ዘፈን አስዘፈናት። የመጨረሻ ትልቁን ዘፈኗን ግጥም የጻፈው ሰው ነው ይኸኛውንም የጻፈው። በመሃል የምታወራበት ቦታ አለ፣ ለእሱ ደግሞ ለልጇ ተረት ስታነብ የተቀዳ ካሴት ተጠቀሙ። "ስንት ጊዜ ሆነን፣ ሁሌም አያችኋለሁ" ዓይነት ነገር ትላለች። አዳራሹ ውስጥ ያሉት አሮጊቶች መሐረባቸውን አወጡ። የዓመት መጨረሻው ትልቁ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም አቀረቧት። ሌላው ደግሞ ተቆጣ፤ ዘፋኙ ታትሱሮ ያማሺታ ሳይቀር ሟችን መድፈር ነው አለ።

እኔም መጀመሪያ ከእሱ ጋር ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ነገር የቪዲዮ ጌም ሴትዮ ነው የምትመስለው፣ እጇን ስታነሳ ታስፈራለች። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማት ግን... እንጃ። ያቺ ማሽን አላለቀሰችም። ጉሮሮም የላት፣ የሚዘጋ። ያለቀሱት ሰሚዎቹ ናቸው። ታዲያ የማንም እንባ ሳያስፈልጋት ሰው ካስለቀሰች፣ የ1966ቷ ሂባሪ እንባ ምን ሥራ ነበረው? ያ ጓደኛዬ ይኸን ቢሰማ "አላልኩሽም?" ይለኛል፣ ስለዚህ አልነግረውም። ነገ አንዱ የኮምፒውተር ልጅ ተነስቶ ጥላሁንን እንዲህ ቢያመጣልንስ? "ነውር ነው" ብዬ ፖስት አደርጋለሁ። ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ራሴን አውቃታለሁ።

ወደዚህ ሁሉ የገባሁት ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ መሰለኝ። አክስቴ ስትቀበር አላለቀስኩም። ከእናቴ ቀጥሎ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሁሉ ደረት ሲመታ እኔ ውሃ አቀርባለሁ፣ ወንበር እቆጥራለሁ፣ ንፍሮ አድላለሁ። ከኋላዬ አንዷ "ይቺማ ደረቅ ናት" ስትል ሰማሁ። ዞር ብዬ ላያት አልቻልኩም። ዓይኔ እኮ ደርቋል፣ እሷ ምን ታድርግ፣ ያየችውን ነው ያወራችው። ለማልቀስ ሞከርኩ ሁሉ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ የሚያሳዝን ነገር ፈለግኩ፤ አክስቴ ፊት ለፊቴ ተገንዛ ተኝታ ሌላ የሚያሳዝን ነገር ፍለጋ! የመጣልኝ የድንኳኑ ኪራይ ስንት ይሆን የሚል ነው።

ሰንብቼ፣ ዕቃ እያጠብኩ፣ ሂባሪ ያንን የምታወራበት ቦታ ላይ ስትደርስ ድንገት ወረደ። ሳሙና ባለው እጄ ፊቴን ስጠርግ ዓይኔ ገባ፣ ከዚያ የቱ ለቅሶ የቱ ሳሙና እንደሆነ እኔም ጠፋኝ። እማዬ መጥታ "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ "ጥሏት ሄዶ ነው" አልኳት። ትንሽ አየችኝና ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ ማጠቡን ቀጠለች።

ለአክስቴ ነበር? ለዚያች ለሌለችው ሰካራም ሴትዮ ነበር? ወይስ አልቃሽ ሳይጠራልኝ ቆይቶ ከዮኮሃማ መምጣቷ ነው?

ሐሙስ ደግሞ የጎረቤታችን የእትዬ ባል አርባ አለ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ማልቀስ ይገባኛል። ነጠላዬ ሥር የጆሮ ማዳመጫ ቢደበቅ ይታይ ይሆን እያልኩ መስታወት ፊት ቆሜ ስሞክረው ነበር። በግራ በኩል ገመዱ ይታያል። ገመድ የሌለው ደግሞ ለመግዛት ደመወዝ አልወጣም፣ ወንድሜ ያበድረኛል፣ ግን "ለምንሽ ነው?" ሲለኝ ምን ልበለው?